«መደርደሪያ ላይ ሳስቀምጠው ይሠራ ነበር»፦ አሮጌ ኦሲሎስኮፕ ገዝቶ ስለ መጠገን

ኦሲሎስኮፕ ማለት ቮልቴጅ ከጊዜ ጋር ሲለዋወጥ ስክሪን ላይ በመስመር ስሎ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። መጀመሪያ የገዛሁት ቤቴ የደረሰው ተሰብሮ ነው። ካርቶኑን ከበሩ ላይ ሳነሳው ውስጡ እንደ ጸናጽል ተንሿሿ። ከፈትኩት። የስክሪኑ ቱቦ አንገቱ ጋ ተሰብሯል፤ ሦስት ማዞሪያዎች ተገንጥለዋል፤ አንደኛው ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሻጩ ያሸገበት ሁለት ገጽ ጋዜጣና አንድ ያረጀ ፎጣ ነው። ለዕቃው 60 ዶላር፣ ለመላኪያው 45 ዶላር ከፍያለሁ። ከ105 ዶላሩ የተረፈኝ ፎጣው ነው። እስካሁን ጠረጴዛ እጠርግበታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ማሽኖች በእጄ አልፈዋል። አራቱ ድነዋል፣ አንዱ ለመለዋወጫ ተበትኗል፣ አንዱ ደግሞ ጠረጴዛዬ ሥር ቁጭ ብሎ ያየኛል። መሐንዲስ አይደለሁም። ቀን ቀን ሜሪላንድ ውስጥ የሕንፃ ጥገና እሠራለሁ። የኤሌክትሮኒክስ ፍቅሩ የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። አጎቴ ፒያሳ ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሳቸው ጋ ነበር የምውለው፣ ካቻቢቴ አቀባይ ሆኜ። ጋሼ ኦሲሎስኮፕ ኖሯቸው አያውቅም። ቮልት የሚለካ መልቲሜትር፣ መበየጃ፣ ጆሮና አፍንጫ፤ በቃ።

ዋናውን ነገር ቀድሜ ልበላችሁ። መጀመሪያ የሚሠራ ግዙ፤ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ይደረስበታል። እኔ በተቃራኒው ሄጄ አንድ ዓመት ገደማ አባክኛለሁ። ኦሲሎስኮፕ ለመጠገን ኦሲሎስኮፕ ያስፈልጋል። ይህን ማንም አልነገረኝም። ቢነግረኝም የምሰማ አይመስለኝም፤ የተበላሸው ርካሽ ነዋ።

መልቲሜትር ያለው ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ ለምኑ ነው ለምትሉ፣ አንድ ምሳሌ። አንድ የአምፕሊፋየር ቦርድ ነበረኝ፤ ከድምፁ ሥር «ምምምም» የሚል ነገር አለው። መልቲሜትሩ ፓወሩን 12.0 ቮልት ብሎ ያነባል፤ ንጹሕ ነው። ኦሲሎስኮፕ ላይ ሳየው ግን 12 ቮልቱ ቀጥ ያለ መስመር ሳይሆን የመጋዝ ጥርስ ሆኖ ቁጭ አለ። ቮልቱን ማለስለስ ያለበት ማጣሪያ ካፓሲተር ደርቋል። መልቲሜትሩ አልዋሸም፤ አማካዩን ነው የነገረኝ። ወጣ ገባውን አያይም።

ስትገዙ መጀመሪያ የሚገጥማችሁ ቁጥር ሜጋኸርዝ ነው፤ ማሽኑ ምን ያህል ፈጣን ሲግናል ማየት እንደሚችል የሚናገር፣ ባንድዊድዝ የሚሉት። እዚህ ላይ ሰው ይወዛገባል። ለአምፕሊፋየርና ለሬዲዮ የድምፅ ክፍል 20 ሜጋኸርዝ ይተርፋል። የስዊች ሞድ ፓወር ሰፕላዮች (እንደ ስልክ ቻርጀር ያሉት) በአብዛኛው የሚሠሩት በአሥርና በመቶ ኪሎኸርዞች ነው፤ ለእነሱም ያው 20 ይበቃል። አርዱኢኖ በምትባለው ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ላይ ያለውን 16 ሜጋኸርዝ ክሎክ (ሥራዋን የሚመራውን ምት) ልይ ካላችሁ ግን፣ ካሬ መሆን ያለበት ሞገድ ክብ ክብ ብሎ ሳይን ይመስላል። ካሬ ሞገድ ካሬ የሚሆነው ውስጡ ያሉት ሦስት እጥፍና አምስት እጥፍ ድግግሞሾች አብረው ሲያልፉ ነው። ስለዚህ ከምታዩት ሲግናል አምስት እጥፍ የሚሆን ባንድዊድዝ ያለው ፈልጉ። ሌላም ስሌት አለ፤ 0.35ን ለባንድዊድዙ ስታካፍሉት ማሽኑ ሊያሳይ የሚችለውን አጭሩን የሞገድ መውጫ ጊዜ ታገኛላችሁ። ለ100 ሜጋኸርዝ 3.5 ናኖሰከንድ ነው። ቤቱ ለሚሞካክር ሰው 100 ሜጋኸርዝና ሁለት ቻናል ይበቃዋል ባይ ነኝ።

የኢንተርኔት ሻጮች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። «አልተሞከረም» ማለት ብዙ ጊዜ ተሞክሮ እምቢ ብሏል ማለት ነው። «ለመሞከር እውቀቱ የለኝም» የሚለውን ግን አትናቁት፤ አንዳንዱ እውነቱን ነው፣ የሟች አባቱን ጋራዥ እያጸዳ ያለ ልጅ ነው። እንዲህ ያለው ስትጠይቁት ይመልሳል፤ ፎቶ ጨምርልኝ ስትሉት ያነሳል። «ገመድ ስለሌለኝ አልሞከርኩትም» የሚል፣ ማሽኑ የሚፈልገው ማንም ቤት ያለ የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ገመድ ሆኖ ሳለ፣ እሱን ዝለሉት። «ይበራል» የሚለውም አንዲት ትንሽ መብራት እንደምትበራ ነው የሚነግራችሁ፤ ሌላ ምንም።

እኔ አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ መስመሩ ስክሪኑ ላይ የሚታይበት ፎቶ። ቀጭንና ጥርት ያለ መስመር ካለ ቱቦው፣ ከፍተኛ ቮልቴጁና አብዛኛው ፓወር ሰፕላይ በሕይወት አሉ። ቀሪው ይጠገናል። ቱቦው ከሞተ ግን ምትኩ የሚገኘው ከሌላ የሞተ ማሽን ላይ ነው። ስክሪኑን አጥፍታችሁም እዩት። ለዓመታት አንድ ቦታ ላይ ደምቆ የቆየ መስመር የስክሪኑን የሚያበራ ቅብ (ፎስፈሩን) አቃጥሎ ጠቆር ያለ ጠባሳ ይተዋል። ትንሽ ጠባሳ ችግር የለውም፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ጥሩ ነው።

መስመር ጠፋ ማለት ደግሞ ሁልጊዜ ተበላሸ ማለት አይደለም። አንዴ «መስመር አይሰጥም» ተብሎ በ25 ዶላር የገዛሁት ማሽን ምንም አልሆነም ነበር። ትሪገሩ፣ ማለትም መስመሩ መቼ መሳል እንደሚጀምር የሚወስነው ክፍል፣ «ኖርማል» ላይ ተቀምጧል፤ እዚያ ላይ ሲግናል ካልመጣ መስመር አይስልም። ወደ «አውቶ» ገፋሁት፤ መጣ። ከዚያ በፊት ለአሥር ደቂቃ ያህል ልቤ ቆሞ ነበር። ሌላ ጊዜ ብሩህነቱ ዜሮ ላይ ይሆናል፤ ወይም የቦታ ማዞሪያው ጥግ ደርሶ መስመሩ ከስክሪኑ ውጭ ሸሽቷል። ብዙ አናሎግ ማሽኖች (ሲግናሉን በቀጥታ ቱቦው ላይ የሚስሉት አሮጌዎቹ) ላይ «ቢም ፋይንድ» የምትባል ቁልፍ አለች። ስትጫኗት የሸሸውን መስመር ወደ መሃል ሰብስባ ታሳያችኋለች። ወዴት እንደሄደ ካያችሁ ታመጡታላችሁ።

ከፖስታው ጉድ በኋላ አናሎግ ማሽን በርቀት መግዛት አቆምኩ። እዚህ አሜሪካ ለእንዲህ ያለ ዕቃ የምወደው ገበያ ሃምፌስት ነው። የአማተር ሬዲዮ ሰዎች ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሰበሰቡና ከመኪናቸው ኋላ አውርደው ይሸጣሉ። ከመርካቶ የሚለየው ጩኸት አለመኖሩ ነው። ሰውየው ወንበሩ ላይ ሆኖ ቡናውን ይጠጣል፤ ግዙኝ አይላችሁም። ጎህ ሳይቀድ የሚመጡት ነጋዴዎች ናቸው፤ በባትሪ እያበሩ ምርጥ ምርጡን ይለቅማሉ። እኔ ረፋዱ ላይ ነው የምሄደው። ወደ እኩለ ቀን ሲጠጋ 10 ኪሎ ብረት መልሶ ቤቱ መጫን የሚፈልግ የለም።

ቴክትሮኒክስ 465ን ያገኘሁት እንዲህ ባለ ቦታ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ኩባንያው በ1946 ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ውስጥ የተቋቋመ ነው። 465 ደግሞ የ1970ዎቹ ሥራ ነው፦ 100 ሜጋኸርዝ፣ ሁለት ቻናል፣ እጀታ ያለው፤ የዚያን ዘመን ጥገና ሠራተኛ ተሸክሞት የሚዞረው። ሻጩ ሰማንያ የተጠጉ ሽማግሌ ናቸው።

«ይሠራል?» አልኳቸው።

«መደርደሪያ ላይ ሳስቀምጠው ይሠራ ነበር።»

«መቼ ነው ያስቀመጡት?»

ትንሽ አሰቡ። «ክሊንተን ፕሬዝዳንት እያለ መሰለኝ።»

80 ዶላር አሉ። ቡና የሚሸጡት ሴትዮ ጋ ሶኬት ለምኜ ሰካሁት። ፊውዝ አልቆረጠም፤ ግን መስመርም የለም። «ቢም ፋይንድ» ብጫንም ምንም። ማዞሪያዎቹ ሁሉ አሉ፤ ስክሪኑ ጠባሳ የለውም፤ የተቃጠለ ሽታም የለውም። መልሼ ሰጠኋቸውና አመሰገንኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ በዚያው ሳልፍ ራሳቸው ጠሩኝ፤ በ40 ዶላር ወሰድኩት። ሁለት ያረጁ ፕሮቦችም፣ ሲግናሉን ወደ ማሽኑ የሚያስገቡትን መለኪያ ሽቦዎች፣ መረቁልኝ። ፕሮብ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ አሮጌ ማሽን ብዙ ጊዜ ያለ ፕሮብ ነው የሚሸጠው። ቻይና ሠራሽ የ100 ሜጋኸርዝ ጥንድ ከ15 እስከ 20 ዶላር ገዝቻለሁ፤ ለጀማሪ ይሆናል።

ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ስለ አደጋው ላውራ፤ እዚህ ላይ አልቀልድም። እንደ 465 ያለ በቱቦ የሚሠራ ኦሲሎስኮፕ ውስጥ ከ2 ሺህ ቮልት በላይ ቱቦው ጀርባ፣ ከ10 ሺህ ቮልት በላይ ደግሞ ፊቱ አካባቢ አለ። ማሽኑ ከጠፋ በኋላም ቱቦውና ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ። ስፒናውን ንቀሉ፤ ጊዜ ስጡት፤ የካፓሲተሮቹን ቻርጅ በሬዚስተር አፍስሱት፤ ወርዶ እንደሆነም በመልቲሜትር አረጋግጡ። በርቶ እያለ የምትለኩ ከሆነ አንድ እጃችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱ። ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቁ። የቤታችሁ መልቲሜትር ለዚያ ከፍተኛ ቮልቴጅ አልተሠራም፤ እዚያ ጫፍ ላይ እንዳታስጠጉት። ብቻችሁን ቤት ውስጥ ሆናችሁም አትሥሩ።

ሌላው አደጋ ከፕሮቡ የምትንጠለጠለው ትንሽ ክሊፕ ናት። ክሊፗ ከማሽኑ ብረት አካል ጋር ተያይዛለች፤ ብረቱ ደግሞ ከስፒናው የመሬት እግር ጋር። አዲስ አበባ ያለ አንድ ወዳጄ የቴሌቪዥን ፓወር ቦርድ ሲያይ ክሊፗን መብራት በቀጥታ በሚገባበት በኩል ሰካት። ጧ! የቦርዱ መዳብ ተነነ፤ የፕሮቡ ሽቦም ቀለጠ። ከዚያ አንዱ «የመሬት እግሩን ቁረጠውና ይሠራል» ብሎ መከረው። በፍጹም! ያኔ የኦሲሎስኮፑ አካል ራሱ 220 ቮልት ይዞ ይጠብቃችኋል። መሬቱን አትንኩት፤ የሚጠገነውን ዕቃ ነው በአይሶሌሽን ትራንስፎርመር (ዕቃውን ከግድግዳው መብራት በሚነጥለው) መመገብ። ትራንስፎርመሩ ከሌለ፣ ለቮልቴጁ የሚበቁ ሁለት ፕሮቦች ይዛችሁ ክሊፖቹን ሳትሰኩ ቻናል 2ን ገልብጡና ሁለቱን ደምሩ፤ ልዩነታቸውን ታያላችሁ። 465 ላይ ሁለቱም ቁልፎች አሉ።

ወደ ጥገናው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው የሰርቪስ ማኑዋል ነው። የእነዚህ አሮጌ ማሽኖች ማኑዋል ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። እያንዳንዱ ክፍል እንዴት እንደሚሠራ በጽሑፍ ተብራርቷል፤ ሙሉ ሥዕሉ አለ፤ የት ምን ቮልት፣ የት ምን ቅርጽ መታየት እንዳለበት ተጽፏል። አሁን የሚወጡ ዕቃዎች ላይ ይህን ፈልጉና አሳዩኝ። ኤሌክትሮኒክስን በሥርዓት የተማርኩት ከዚያ ማኑዋል ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ማኑዋሉ የሚለው፣ ልምድ ያላቸውም የሚሉት አንድ ነው፤ ከፓወር ሰፕላይ ጀምር። 465 ውስጥ አምስት ዝቅተኛ ቮልቴጆች አሉ፦ 110፣ 55፣ 15፣ 5 እና ከዜሮ በታች 8። 55 ቮልቱ የሌሎቹ መለኪያ ነው፤ እሱ ከተዛባ ሁሉም ይዛባሉ። የእኔው 55 ደህና ነው። 110 ደህና ነው። 15 ቮልት መሆን ያለበት ግን 0.4 ያነባል። ማሽኑን አጥፍቼ ያንን መስመር ከመሬት ጋር በኦም ስለካው 2 ኦም ሰጠኝ። ሾርት ነው፤ ቮልቱ የሆነ ቦታ ላይ በቀጥታ ወደ መሬት ይፈሳል።

የዚያ ዘመን ዕቃ ላይ እንዲህ ያለ ሾርት ሲገጥማችሁ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ታንታለም ካፓሲተር ነው፤ የውሃ ጠብታ የምትመስለው ባለ ቀለሟ። ስታረጅ ዝም ብላ ሾርት ትሆናለች። ችግሩ እንዲህ ያሉ ካፓሲተሮች በአንድ መስመር ላይ በየቦርዱ ተበትነዋል። አንድ በአንድ መንቀል ቦርዱን ያቆስላል። ያዋጣኝ ዘዴ ይህ ነው፦ ማሽኑ ከመብራት ተነቅሎ፣ ከውጭ ፓወር ሰፕላይ 1 ቮልት ገደማ፣ ከ1 አምፒር እንዳይበልጥ ገድቤ፣ ያንን መስመር መገብኩት። ከዚያ መልቲሜትሩን ሚሊቮልት ላይ አድርጌ የመዳቡን መንገድ ተከተልኩ። ወደ ሾርቱ ስትቀርቡ ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ካለፋችሁት መቀነሱን ያቆማል። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ የቆመበት ቦታ ላይ ያለችውን ካፓሲተር አንድ እግሯን ነቀልኩ። ሾርቱ ጠፋ። የተካኋት የቮልት አቅሟ ከበፊቷ ከፍ ባለ ነው። ዋጋዋ 1 ዶላር አይሞላም።

ሰካሁት። አረንጓዴዋ መስመር መጣች። ማታ 6 ሰዓት ነበር። ሚስቴን ቀስቅሼ አሳየኋት። «መስመር ናት?» አለችኝ። አዎ፣ መስመር ናት።

ደስታው እስከ ማግስቱ ነው የቆየው። ቻናል 2 አንዳንድ የቮልት ደረጃዎች ላይ ሲግናሉን ቆራርጦ ያሳያል። ይህ ቀላል ሆኖ ተገኘ። በዚህ ማሽን ማዞሪያ ውስጥ በወርቅ የተለበጡ ቀጫጭን ጣቶች ቦርዱ ላይ ይጫናሉ፤ ለብዙ ዓመት ሳይነካ ሲቀር ቆሻሻ ይይዛል። ያገኛችሁትን ስፕሬይ አትንፉበት። ንጹሕ ወረቀት በቀጭኑ ቁረጡ፤ አይሶፕሮፒል አልኮል አርሱት፤ ጣቱን ሳታጎብጡ ከሥሩ አስገቡና ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ወረቀቱ ጥቁር ሆኖ ሲወጣ ማየት ደስ ይላል። ጣቷ ከተጣመመች ግን ማቅናት መከራ ነው።

ዓመቴን የበላው ትሪገሩ ነው። ሞገዱ ስክሪኑ ላይ አይቆምም። አንዳንዴ ጸጥ ይላል፤ አንዳንዴ እንደ እስክስታ ይርገፈገፋል። መልቲሜትር ይዤ የትሪገሩን ክፍል ቮልቴጅ ሁሉ ለካሁ። ሁሉም ማኑዋሉ ከሚለው ጋር ይቀራረባል። ትራንዚስተሮች ቀየርኩ። ቀድሞ ደህና የነበረ ብየዳ ደግሜ በየድኩ። ለአንዲት ትራንዚስተር የፋብሪካ ቁጥሯ 151-0190-00 ስለሆነ ብቻ ከአንድ የመለዋወጫ ሻጭ በ12 ዶላር አዘዝኩ። መጥታ ሳያት፣ ውስጧ ያው 2ኤን3904 ናት፤ በየሱቁ በሳንቲም የምትሸጠው። ስለዚህ የፋብሪካ ቁጥር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ተራ ስሙን ፈልጉ፤ የቁጥሮቹ ማመሳከሪያ ሰንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ሁሉም ተራ አይደሉም፤ አንዳንዶቹ ተመርጠው የወጡ ናቸው። ግን ብዙዎቹ ናቸው።

በመጨረሻ ተሸነፍኩና ሁለተኛ ማሽን ገዛሁ፤ የሚሠራ። የቴክትሮኒክስ ቲዲኤስ 210 ነው፤ በ1997 የወጣ፣ 60 ሜጋኸርዝ፣ ዲጂታል፣ ጫማ ሳጥን የሚያክል። 120 ዶላር። ሜሞሪዋ 2,500 ነጥብ ብቻ ነው፤ ዛሬ ሰው ይስቅባታል። ለእኔ ግን ዓይን ሆነችኝ። ለሙከራ የሚሰጠውን የካሊብሬተሩን 1 ኪሎኸርዝ ካሬ ሞገድ ወደ 465 አስገብቼ፣ በትንሿ ማሽን የትሪገሩን መንገድ ከመግቢያው ጀምሬ ተከተልኩ። እዚህ አለ። እዚህ አለ። እዚህም አለ። እዚህ ይንተባተባል። የፕሮቡን ጫፍ አንዲት ትራንዚስተር እግር ላይ ጫን ሳደርግ 465 ላይ የሚደንሰው ሞገድ ቀጥ ብሎ ቆመ። ስለቀው እንደገና መደነስ።

ትራንዚስተሯ አልተበላሸችም። ሶኬቷ ነው። በዚህ ማሽን ውስጥ ብዙዎቹ ትራንዚስተሮች በብየዳ ሳይሆን በሶኬት ነው የተቀመጡት፤ ከአርባ ዓመት በላይ ሲቆይ እግራቸው ይደበዝዛል። አጠፋሁት፤ ነቀልኳት፤ እግሯን በአልኮል ጠረግሁ፤ አቅጣጫዋን ሳልስት መልሼ ሰካኋት። ሥራው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ለዚህ ሁለት ደቂቃ ስንት ወር!

ጋሼ ጋ ደወልኩ። ታሪኩን ከመጀመሪያው ነገርኳቸው፤ ታንታለሙን፣ ሚሊቮልቱን፣ ሁሉን። ዝም ብለው ሰሙኝ።

«አንተ ልጅ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «መጀመሪያ ነቅነቅ አድርገህ አላየኸውም?»

«ምኑን፣ ጋሼ?»

«ሁሉንም። ሶኬት ያለው ዕቃ ሲመጣ መጀመሪያ ነቅነቅ ነው።»

አሁን ሶኬት የበዛበት ማሽን ቤቴ ሲገባ አጥፍቼ ሁሉንም አንድ በአንድ ነቅዬ እመልሳለሁ። አንድ በአንድ ማለቴን ልብ በሉ። ሁለት ነቅላችሁ ብታደባልቁ ጋሼም አያድኗችሁም።

ሌላ ላስጠነቅቃችሁ የምፈልገው ነገር ቢኖር በአሮጌ ፓወር ሰፕላይ መግቢያ ላይ የምታገኟቸው፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ቢጫ ፕላስቲክ የታሸጉ የወረቀት ካፓሲተሮች ናቸው። ፕላስቲካቸው ሲሰነጠቅ እርጥበት ይገባቸዋል፤ ከዚያ በርቶ እያለ ጢሳቸውን ይለቃሉ። አንዴ ማታ ቤዝመንት ውስጥ ፈነዳብኝና ሽታው ለሦስት ቀን ቤቱን ያዘው፤ ሚስቴ ያለ ሰዓቷ ዕጣን አጨሰች። ስንጥቅ ካያችሁ ሳትሰኩት ቀይሯቸው፤ ምትካቸው በጥቂት ዶላር ይገኛል።

ከ465 በኋላ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በዚያው ኩባንያ 2465ቢ ላይ ነው። አራት ቻናል፣ 400 ሜጋኸርዝ፣ ቁጥሩን ስክሪኑ ላይ የሚጽፍ። ውብ ማሽን ነው፤ የእኔም ዓይን አርፎበታል። ነገር ግን ውስጡ ያሉት አንዳንድ ቺፖች ለእሱ ብቻ የተሠሩ ናቸው። ዩ800 የምትባለዋ የአግድም ቺፕ ይግላል፤ ከሞተ ምትኩ በአብዛኛው የሚገኘው ከሌላ 2465 ላይ ነው። የካሊብሬሽን ቁጥሮቹም፣ ማለትም ማሽኑ በትክክል እንዲለካ የሚያደርጉት፣ የሚቀመጡት በባትሪ በሚጠበቅ ሜሞሪ ውስጥ ነው፤ ባትሪው ሲያልቅ ቁጥሮቹ ይጠፋሉ፤ እነሱን መመለስ ደግሞ ውድ መሣሪያ ይጠይቃል። ጠረጴዛዬ ሥር ቁጭ ብሎ የሚያየኝ ማን እንደሆነ ገባችሁ። ለመጀመሪያ ጥገና በአብዛኛው ከተራ ትራንዚስተርና ከተራ ቺፕ የተሠራ ማሽን ምረጡ፤ 465፣ 475፣ 2213፣ 2235፣ የጀርመኑ ሃሜግ ኤችኤም203፣ የሂታቺ ቪ-212።

አንዳንዱ ይጠይቀኛል፣ አዲስ የቻይና ማሽን በሁለት ሦስት መቶ ዶላር እየተገኘ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? እውነቱን ነው። ሥራችሁ ሌላ ዕቃ መጠገን ከሆነና ለመሣሪያው ፍቅር ከሌላችሁ አዲስ ወይም ትንሽ ያገለገለ ዲጂታል ግዙና ሥሩ። ሪጎል ዲኤስ1054ዜድ አራት ቻናል ይዞ ያገለገለ ይገኛል፤ አንዴ ብልጭ ብሎ የጠፋን ነገር ያዝ አድርጎ ያሳያል፤ ተራው አናሎግ ይህን አይችልም። አሮጌውን አናሎግ የምትገዙት መፍታት ደስ ስለሚላችሁ ነው። እኔ መፍታት ደስ ይለኛል።

ባለፈው ዓመት 465ን ለጋሼ ላክሁት። ሱቁን ከዘጉ ቆይተዋል፤ ግን አሁንም የጎረቤት ሬዲዮ ቤታቸው ይመጣል። የሚሄድ ሰው አገኘሁ፤ አንደኛውን ሻንጣውን ለቀቀልኝ። 465 በ110ም በ220ም ይሠራል፤ የቮልቴጅ መምረጫ አለው። ወደ 220 ቀየርኩት፤ ፊውዙንም ማኑዋሉ በሚለው መሠረት አብሬ ቀየርኩ፤ እጀታው ላይ በትልቁ «220» ብዬ ለጠፍኩበት። ከመጀመሪያው ፎጣ የተማርኩትን አልረሳሁም። ዙሪያውን አራት ጣት ውፍረት ያለው ጠንካራ ፎም፤ ማዞሪያዎቹ ምንም እንዳይነካቸው ከፊት ለፊት በፎሙ ላይ ጉድጓድ፤ ካርቶን ውስጥ ካርቶን። ስታብላይዘር ሳይኖር እንዳይሰኩትም አስጠነቀቅኳቸው፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚመጣበትን ያውቁታል።

በሳምንቱ ደወሉ። ድምፃቸው ላይ የሆነ ነገር አለ።

«ጫፉን በጣቴ ነካሁት፣» አሉ። «ሞገድ መጣ። ምንም ሳልሰካው።»

«እሱ የግድግዳው መብራት ነው ጋሼ። ሰውነትዎ እንደ አንቴና ይይዘዋል። ማዞሪያው ስንት ላይ ነው?»

«5 ሚሊሰከንድ።»

«አንዱ ሞገድ ስንት ካሬ ያዘ?»

ሲቆጥሩ ይሰማኛል። «አራት። ልክ አራት።»

«20 ሚሊሰከንድ። 50 ኸርዝ፤ ልክ ነው። እኔ ጋ ቢሆን ከሦስት ካሬ ትንሽ ያልፋል፣ 16.7።»

ትንሽ ዝም አሉ።

«ያንተው ለምን ቸኮለ?»